የወንድሜ ቮልስ ሞተር እንዴት ወረደ፣ እንዴትስ ተገጠመ

(በዕድራችን የ2017 ዓ.ም. ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የኮሚቴያችን ሰብሳቢ «ስለ ቮልሷ ነገር ጥቂት ተናገርልን» ሲሉኝ መጀመሪያ ቀልድ መስሎኝ ነበር። ይህች መኪና በሰፈራችን ስንቱን ሰው እንዳሳቀች እኔም አልጠፋኝም። የጎረቤት ልጆች በአጥር ቀዳዳ እያጮለቁ «ጋሼ፣ ዛሬስ ተነሣች?» ሲሉኝ ሁለት ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረው። ኋላ ግን ሳስበው ከእናንተም መካከል አሮጌ መኪና በጓሮው አቁሞ ዶሮ የሚያሳድርበት አምስት ስድስት ሰው ይኖራል። እንግዲህ እኔ ያጠፋሁትን ሰምታችሁ እናንተ እንዳታጠፉ፣ እንደ ሆነው አድርጌ እነግራችኋለሁ።

ማን እንደሆንኩ ታውቃላችሁ። ትምህርቴ እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። በ1970 ዓ.ም. ጎባ የባሌ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ በነበረችበት ጊዜ በመዝገብ ቤት ጸሐፊነት ተቀጥሬ፣ ኋላም እዚሁ ሮቤ ሠርቼ፣ በ2010 ዓ.ም. ጡረታ ወጣሁ። አርባ ዓመት ሙሉ ስለ ብረት የማውቀው የስቴፕለር ሽቦና የማኅተም እጀታ ብቻ ነበር።

መኪናዋ የታናሽ ወንድሜ ናት። በ2007 ዓ.ም. ሲያርፍ የቀበራችሁት እናንተው ናችሁ። ድንኳኑ የተተከለው እሷ ከቆመችበት አጠገብ ስለነበረ ብዙዎቻችሁ ጃንጥላችሁን ኮፈኗ ላይ ሳታስቀምጡ አልቀራችሁም። ከዚያ ወዲህ ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። በ2015 ዓ.ም. ጥር ወር ላይ አሮጌ ብረት የሚሰበስቡ ሰዎች ሚዛን ይዘው መጡ። የወንድሜ ባለቤት ወደ እኔ ዘንድ መጥታ «ወንድም ጋሼ፣ ይውሰዷት ወይስ ትቆይ?» አለችኝ። ይህች ሴት እግሯን ስለሚያማት ለሕክምና ክትትል ከሮቤ ጎባ ሆስፒታል ትመላለሳለች። መንገዱ አሥራ አራት ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ለጤነኛ ምንም አይደለም፤ በከዘራ ቆሞ ትራንስፖርት ለሚጠብቅ ሰው ግን ሩቅ ነው። እኔም ሳላስበው «ትቆይ፣ እኔ አስነሣታለሁ» አልኩ። ቃል ከአፍ ከወጣ በኋላ ምን ይደረጋል?

ስለ ቮልስ ጥቂት ልበል። ይህች መኪና መጀመሪያ በጀርመን፣ ኋላም በሌሎች አገሮች ስትሠራ ቆይታ የመጨረሻዋ በሜክሲኮ የወጣችው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው፤ በጠቅላላው ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች። ሞተሯ ከኋላ ነው። ውኃም ራዲያተርም የላትም፤ የሚያቀዘቅዛት ነፋስ ነው። ጎባ ላይ ሌሊት ውርጭ ሲጥል ሌላው ባለ መኪና ውኃው በረዶ ሆኖ ሞተሩን እንዳይሰነጥቅበት ሲጨነቅ፣ ባለ ቮልሱ ተሸፋፍኖ ይተኛል። ለእንደ እኔ ዓይነቱ ጀማሪ ደግሞ ትልቁ ነገር፣ ሞተሩን ከካምቢዮው ጋር የሚያያይዙት አራት ብሎኖች ብቻ መሆናቸው ነው፤ ሁለት ከላይ፣ ሁለት ከታች፣ ሁሉም በ17 ቁልፍ የሚፈቱ። ክብደቱም አንድ ኩንታል ስንዴ ያህል ነው። የስንዴ አገር ሰው ደግሞ ኩንታል አይፈራም።

መምህሬ ሁለት ነበሩ። አንደኛው መጽሐፍ ነው። ጆን ሚዩር የሚባል አሜሪካዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1969 ያሳተመው፣ ቮልስን ራስህ ጠግን የሚል መጽሐፍ ነው። የወንድሜ ልጅ ከአዲስ አበባ አሮጌውን ገዝታ አመጣችልኝ። እንግሊዝኛው ስለሚከብደኝ እሷ እያነበበች ታስረዳኝ ነበር። የመጀመሪያ ቀን ርእሱን ተርጉሚልኝ ስላት አፈረች። ለካስ በርእሱ ላይ «ለፍጹም ጅል የተዘጋጀ» የሚል አለበት! «ለእኔ የተጻፈ ነውና ቀጥዪ» አልኳት። ሁለተኛው መምህሬ የጋራዥ ቋንቋ ነው። ቴስታታ፣ ፍሪሲዮን፣ ቢየላ፣ ቮላኖ፣ ካንዴላ፣ ይህ ሁሉ ቃል ከጣሊያኖች የቀረን ነው። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ፣ መካኒኩ በጣሊያንኛ፣ እኔ በአማርኛ፣ ጎረቤቶቼ በኦሮምኛ እየተነጋገርን ሞተሩን አወረድነው።

ማውረዱን ግን እንዲህ በቀላሉ አትዩት። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ይህ ነገር ዕድራችንን ይመለከታል። ሞተሩ ከሥር እንዲወጣ የመኪናዋ የኋላ ወገን ወደ ሰው ወገብ ግድም መነሣት አለበት። እኔም ከጎረቤት ክሪክ ተውሼ አነሣኋት። ወሩ መጋቢት ነበር፣ በልግ ጀምሯል። የሮቤ ሜዳ አፈር መረሬ መሆኑን ገበሬው ያውቀዋል፤ በበጋ ይሰነጠቃል፣ ሲዘንብ ይውጣል። ክሪኩን በቀጥታ በዚያ መሬት ላይ አቆምኩት። የወንድሜ ልጅ ታናሽ ወንድም ከሥር ተኝቶ ቤንዚን የሚያመጣውን ጎማና የፍጥነቱን ገመድ ሲፈታ ቆይቶ፣ እናቱ ለምሳ ስትጠራው ወጣ። አሥር ደቂቃም አልሆነም፤ እኔ እጄን ስታጠብ «ቧ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ክሪኩ በአንድ ወገን መሬት ውስጥ ሰጥሞ ተጋድሟል፤ መኪናዋ ልጁ ተኝቶበት በነበረው ጆንያ ላይ ወርዳለች። ጆንያው እስከ ዛሬ እቤቴ አለ። የዚያን ቀን ምሳዬ ከጉሮሮዬ አልወረደም።

ከዚያ በኋላ ያደረግነው ይህ ነው። ክሪኩ ከሥሩ ሰፊ ጣውላ ሳይነጠፍለት አይቆምም። መኪናዋ ከተነሣች በኋላ በሁለት ወገን ወፋፍራም የባሕር ዛፍ ጉማጅ ይገባና ክብደቷ በእንጨቱ ላይ ያርፋል። የፊት ጎማዎቹ በድንጋይ ይታገዳሉ። ክሪክ ለማንሣት ነው እንጂ ተሸክሞ ለማቆየት አይደለም። ይህን በመጀመሪያ ቀን የሚነግረኝ ሰው አጥቼ ሳይሆን ጠይቄ ስላላወቅሁ ነው።

ወደ ሞተሩ ልመለስ። ፒስተኖቹ ከሲሊንደሮቹ ጋር በዝገት ተጣብቀው ነበር። የቮልስ ጥሩነቱ አራቱ ሲሊንደሮች እየብቻቸው የሚወልቁ መሆናቸው ነው። ስለዚህ እንደ ሌላው መኪና ሲሊንደር ለማስፋት ሬክቲፊኬ ቤት መሄድ አያስፈልግም፤ አዲስ ፒስተን ከነሲሊንደሩና ከነፋሻው ገዝቶ መተካት ይቻላል። የእኛዋ ባለ 1300 ስለሆነች ስፋቱ 77 ሚሊ ሜትር ነው። ዋናውን ዘንግ፣ ክራንክሻፍት የሚሉትን፣ አዲስ አበባ ልኬ አስለካሁት። ተበልቶ ስለተገኘ 0.25 ሚሊ ሜትር ተላጠና በልኩ የተዘጋጀ ብሮንዚን ተገዛለት።

ዕቃውን ስፈታ የመዝገብ ቤት ሥራዬ ጠቀመኝ። እያንዳንዱን ብሎንና ዳዶ በፖስታ ከትቼ፣ ቁጥር ሰጥቼ፣ ከየት እንደወጣ በመዝገብ ጻፍኩ። ዘጠና ስድስት ፖስታ ሆነ። ስገጥም ወጪ እያደረግሁ ፈረምኩበት። ስንገጥም አንድም ብሎን አልተረፈም፤ ይህን መካኒኮችም መሰከሩልኝ።

ታዲያ ጥፋቱ የት ላይ ነው ትሉኛላችሁ። የዚህ ሞተር አካል እንደ ባቄላ ከመካከሉ ለሁለት ይከፈላል። ዘንጉ በሁለቱ ክፋዮች መካከል በብሮንዚኖች ላይ ይተኛል። ብሮንዚኖቹ ላይ ትንንሽ ቀዳዳ አለ፤ በአካሉ ላይ ደግሞ በቀዳዳው የሚገቡ ትንንሽ የብረት ካስማዎች አሉ። ብሮንዚኑ ካስማውን በትክክል ካልያዘና ሁለቱ ክፋይ ከተጠበቀ፣ ካስማው ብሮንዚኑን ይጨፈልቀዋል። ከላይ ሲያዩት ምንም አይታይም። ምልክቱ አንድ ብቻ ነው፤ ብሎኑ ከጠበቀ በኋላ ዘንጉን በእጅ ሲያዞሩት ያለ ችግር መዞር አለበት።

የእኔው አንድ ቦታ ላይ ከበድ ይል ነበር። ልጅቱ መጽሐፉን አየችና «እዚህ ላይ ከከበደ ፍቱት ይላል» አለችኝ። እኔም «አዲስ ስለሆነ ነው፣ ሲሠራ ይለሰልሳል» አልኳት። እውነቱን ልናገር፤ ልቤ አውቆታል። ነገር ግን ለእሑድ ቡና ተጠርቷል፣ ሰው ሁሉ ሊያይ ይመጣል። ፈትቼ እንደገና ልጀምር ነው ብል የሚሳቅብኝ መሰለኝ።

ሰኔ 2015 ዓ.ም. እሑድ ከሰዓት በኋላ ተነሣች። ብዙዎቻችሁ ነበራችሁ፣ እልልታውንም ሰምታችኋል። ሃያ ደቂቃ ያህል ሠራች። ከዚያ የዘይቱ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ። ቀጥሎ ከውስጥ እንደ ሙቀጫ ያለ ድምፅ መጣ። ቁልፉን ዘጋሁት። እንግዳው ቡናውን ሳይጨርስ አንድ ባንድ ተበተነ። ስንከፍተው ብሮንዚኑ ተጨፍልቆ፣ የተላጠው ዘንግ ተፋፍቆ፣ የሞተሩ አካል ራሱ ተቀጥቅጦ አገኘነው። የሁለት ዓመት ጥሪቴ በሃያ ደቂቃ አለቀ። የወንድሜ ባለቤት ምንም አልተናገረችኝም። ማታ ላይ ብቻ ቀስ ብላ «ብረት ሰብሳቢዎቹን ልጥራቸው እንዴ?» አለችኝ። ከተቆጣችኝ ይሻለኝ ነበር።

ከእኛ ቀጥሎ ባለው መንደር ኮምባይነር የሚጠግን ጎልማሳ አለ። ባሌና አርሲ ስንዴው በኮምባይነር ስለሚታጨድ በእኛ አገር ደኅና መካኒክ የሚፈራው ከዚያ ሥራ ነው። መጣ፣ የተበላሸውን ዘንግ አገላብጦ አየ፣ ከዚያ «ጋሼ፣ ሲከብድዎት ለምን አልጠሩኝም? ቤቴ እኮ መቶ ሜትር አይርቅም» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። «ሌላ ሞተር ይፈለግ፣ እኔ አግዝዎታለሁ። ግን አንድ ሰዓት ሙሉ ሳትሠራ ቡና አይጠራም» አለ። ተስማማን።

በጥር 2016 ዓ.ም. አውቶቡስ ተሳፍሬ በዶዶላና በሻሸመኔ በኩል አዲስ አበባ ገባሁ፤ ከዚያም መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ። ልክ በዚያ ሰሞን መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ከእንግዲህ ወደ አገር አይገቡም፣ የሚገቡት የኤሌክትሪክ ብቻ ናቸው ማለቱ ተሰምቶ ስለነበር ተራው ሁሉ የሚያወራው ይህንኑ ነው። አሮጌ ሞተር የያዘ ሻጭ ወርቅ እንደያዘ ይኮራ ነበር።

ያልተነሣ ሞተር እንዴት ይመረመራል? መካኒኩ ያስተማረኝን ልንገራችሁ። ቺንጋው የሚዞርበትን ከኋላ ያለውን ክብ ብረት በሁለት እጅ ይዛችሁ ወደ ውስጥ ግፉ፣ ወደ ውጪ ሳቡ። ዘንጉ ወደፊትና ወደኋላ የሚኖረው ጨዋታ ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ እጅ እምብዛም አይሰማውም፤ ጠቅ ጠቅ ካለ ተዉት። ካንዴላዎቹ ተጠብቀው እያሉ በቁልፍ አዙሩት፤ በሁለት ዙር አራት ጊዜ እኩል መክበድ አለበት፤ አንዱ ከቀለለ ያ ሲሊንደር ጨርሷል። ዘይቱን ጥቂት አንጠባጥቡና በጣታችሁ አሹት፤ የሚያብረቀርቅ ነገር ካለበት ብሮንዚኑ እየተበላ ነው። ሦስተኛው ያየሁት ሞተር ይህን ሁሉ አለፈ። ሻጩ ባለ 1600 ውሰድ፣ ጉልበት አለው ብሎ ለመነኝ። እኔ ግን በሊብሬው ላይ የተጻፈው 1300 ነው ብዬ የራሷኑ ዓይነት ገዛሁ፣ ደረሰኝም ተቀበልኩ። ወረቀት አዋቂነቴ እዚህ ላይ አኩርቶኝ ነበር። ትንሽ ቆዩ፣ እመለስበታለሁ።

የመግጠሙ ሥራ አንድ ቀን ፈጀ። ቮላኖውን የሚይዘው ትልቁ ብሎን በ36 ቁልፍ ነው የሚጠብቀው፤ ቁልፉ ላይ የአንድ ሜትር ቧንቧ ተደርጎ ጫፉ ላይ 30 ኪሎ ሸክም ቢንጠለጠል የሚሰጠውን ያህል ጉልበት ይፈልጋል። አራት ሰው ሆነን ሞተሩን በጣውላ አንሸራተትን፣ በክሪክ አነሣን፣ ከካምቢዮው የሚወጣው ዘንግ በፍሪሲዮኑ መካከል እስኪገባ ድረስ በትዕግሥት አስተካከልን። የሞተሩ ክብደት በዚያ ዘንግ ላይ መንጠልጠል የለበትም፤ ይጣመማል። ሁለት ሊትር ተኩል ዘይት፤ የቫልቮቹ ክፍተት ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ 0.15 ሚሊ ሜትር፤ የእሳቱ ተራ 1፣ 4፣ 3፣ 2። ይህን በኮፈኑ ውስጥ በቀለም ጽፌዋለሁ። ከማጥበቃችን በፊትም ዘንጉን እያንዳንዳችን በእጃችን አዞርነው። ለሦስት ጊዜ አዞርኩት እኔ።

ተነሣች። አንድ ሰዓት ሠራች። ቡና አልተጠራም።

ሆኖም ካንዴላው ጥቁር ጥላሸት እየለበሰ አስቸገረን። ነገሩ የአገራችን ከፍታ ነው። ሮቤ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ግድም ናት፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ካርቡራተሩ ለቆላ አየር የተለካ ከሆነ ቤንዚኑ ይበዛበታል። መካኒኩ ቤንዚን የምታሳልፈውን ትንሿን ነሐስ ቀዳዳዋ ጠበብ ባለ ለወጠው፤ ጭሱም ቀረ።

የወንድሜ ባለቤት ግን «ሳነቴን ሳትወጣ ዳነች አልልም» አለች። ወንድሜ በሕይወቱ ሳለ ቤተሰቡን በዚህችው ቮልስ ከጎባ በሳነቴ አድርጎ ደሎ መና ይወስዳቸው ነበር። እሺ ብለን በኅዳር ወጣን። መንገዱ ከ4,000 ሜትር በላይ ይወጣል፣ ቱሉ ዲምቱም 4,377 ሜትር ሆኖ ከጎኑ ነው። እዚያ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፉ ስድስት አሥረኛ ግድም ስለሆነ 40 የፈረስ ጉልበት ያላት ቮልስ 25 ቢተርፋት ነው። በአንደኛ ማርሽ እየተነፋረቀች ወጣች። አንድ ቀይ ቀበሮ ከመንገዱ ዳር ቆሞ በትዝብት አየን።

ብርዱ ስለበረታ ማሞቂያውን ከፈትኩ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሴትዮዋ ራሴን አዞረኝ አለች፣ እኔም ዓይኔ ከበደኝ። መስኮቱን ከፍተን ቆምን። የቮልስ ማሞቂያ የሚሠራው በጭስ ማውጫው ቱቦ ዙሪያ የሚያልፈውን አየር በማሞቅ ነው። ቱቦው ዝጎ ከተበሳ ጭሱ ከሙቀቱ ጋር ወደ ተሳፋሪው ይገባል። የእኛው ለዓመታት ስትቆም ዝጎ ኖሯል፤ ሞተሩን ስንለውጥ አሮጌውን ማሞቂያ መልሰን የገጠምነው እኛው ነን። ገዳዩ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ ሽታም ቀለምም የለውም። በዝግ ቤት ውስጥ ሞተር የሚያሞቅ ሰው ካለም ያው ነው፤ በሩን ይክፈት። ማሞቂያውን አስለወጥኩ፤ እስኪለወጥ ድረስ ጋቢ ለብሰን ነድተናል።

አሁን ወደ ወረቀቱ። ለዓመታዊ ምርመራና ለቦሎ ስሄድ ፍሬኑም መብራቱም አለፈ። መርማሪው ጎንበስ ብሎ ከዲናሞው ሥር የተቀረጸውን የሞተር ቁጥር አነበበ፣ ሊብሬውን አየ፣ እኔን አየ። «ጋሼ፣ ይህ ሌላ ሞተር ነው» አለኝ። አርባ ዓመት የሰው ፋይል ቁጥር አልተስማማም ብዬ የመለስኩ ሰው፣ የራሴ ቁጥር እንደማይስማማ ሳላስብ ቀርቻለሁ! የሞተሩን መጠን እንጂ ቁጥሩን ረሳሁት። ሻንሲው የኋላ መቀመጫው ሥር ያው ነው፤ ሞተሩ ግን በሊብሬው ላይ ያልተመዘገበ ነው። ሞተር የቀየረ ሰው ለመዝጋቢው መሥሪያ ቤት አስታውቆ በሊብሬው ላይ ማስመዝገብ አለበት። ያለበለዚያ ቦሎ ማጣት ብቻ ሳይሆን ሞተሩ ከየት መጣ የሚል ጥያቄም ይመጣል። ያዳነኝ ደረሰኙ ነው። በዚያውም ላይ መኪናዋ ገና በሟቹ ስም ስለነበረች የወራሽነቱ ማስረጃ ተጠየቀ፤ ሁለቱ ተደራርበው ሦስት ወር አመላለሱኝ። ከሠልፉ ላይ ሆኜ በመስኮቱ ውስጥ ያለውን ጸሐፊ ሳየው፣ «ነገ ተመለስ» ያልኳቸው ሰዎች ሁሉ ፊታቸው ታወሰኝ።

ባለፈው ወር ሊብሬው ተስተካክሎ ወጣ፤ በወንድሜ ባለቤት ስም ነው። አሁን በየሐኪም ቀጠሮዋ ጎባ የሚያደርሳት ልጇ ነው። ከሞተሩ ሥር ጥቂት ዘይት ይንጠባጠባል፤ መካኒኩ የጓርኒሲዮን ጉዳይ ነው፣ ከአዝመራው በኋላ ይታያል ብሏል። መጽሐፉን ለማየት የሚፈልግ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤት አለሁ። ባለ 36 ቁልፌን በጥር ወር የተዋሰኝ የዕድራችን አባል ደግሞ አዳራሹ ውስጥ መኖሩን እያየሁት ነው፤ ከስብሰባው በኋላ በር ላይ እጠብቀዋለሁ።